«ረን አውት ኦፍ» ማለት «አለቀብኝ» እንጂ «አለቀ» አይደለም

የእንግሊዝኛው «ረን አውት ኦፍ» ትርጉሙ «ማለቅ» ነው ብላችሁ ከያዛችሁት ግማሹን ነው የያዛችሁት። ሙሉው «ማለቅብኝ» ነው። እንዲህ የሚባል ቃል የለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ታግሳችሁ አንብቡኝ።

«ስኳር አለቀብን» ስንል ባለቤቱ ስኳር ነው። እኛ ከኋላ «ብን» ላይ ተንጠልጥለናል። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር»። የጎደለበት ሰው ከፊት፣ የጎደለው ነገር ከኋላ። «ሹገር ራን አውት ኦፍ» የሚል ተማሪ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ የአማርኛውን ቅደም ተከተል እንዳለ ይዞ «ኦፍ»ን ጫፉ ላይ ይለጥፍበታል። ስኳሩን ከፊት ማድረግ ከፈለጋችሁ «ኦፍ»ን ጣሉት፦ «ዘ ሹገር ራን አውት»። በቃ። «ታይም ኢዝ ረኒንግ አውት»ም እንደዚሁ ነው።

ጅማ ላደገ ሰው ይሄ ነገር ከባድ መሆን የለበትም። በኦሮምኛ «መላቅኒ ና ጀላ ዱሜ» እንላለን አይደል? ገንዘቡ «ከሥሬ» አለቀ እንደማለት ነው። ያቺ «ጀላ» የአማርኛዋን «ብ» ሥራ ትሠራለች፤ ነገሩ ማለቁን ብቻ ሳይሆን ማን ላይ እንዳለቀ ትናገራለች። «ረን አውት ኦፍ» ውስጥም ይሄው ስሜት አለ።

ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው፤ «ብ» የምትገባ ከሆነ ተጠቀሙበት። ወደ ጅሬን ሲወጣ ዳገቱ መሃል ቤንዚን ያለቀበት ባለባጃጅ፣ ተሳፋሪው ፈረንጅ ከሆነ፣ «አይ ራን አውት ኦፍ ፔትሮል» ብሎ ይገላገላል። ገና እያለቀበት ከሆነ «አይም ረኒንግ አውት ኦፍ ፔትሮል»። ትዕግሥትም ያልቃል፣ ሐሳብም ያልቃል፣ ሁሉም በዚሁ ይሄዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያለፈው «ራን» ነው፣ ከ«ሃቭ» በኋላ ግን ተመልሶ «ረን» ይሆናል፤ «ዊ ሃቭ ረን አውት»።

አሁን «ሥራው አለቀ»ን ውሰዱ። ይሄ የምሥራች ነው፣ «አለቀልኝ» ነው፣ እዚህ ላይ «ረን አውት ኦፍ» ጭራሽ አይገባም። ሪፖርቱን ጨርሶ ለአለቃው «አይ ራን አውት ኦፍ ዎርክ» ብሎ የጻፈ ሰው የምሠራው አጣሁ፣ ሥራ ስጡኝ እያለ ነው፣ አለቃውም ደስ ብሎት ይጨምርለታል። «አይ ፊኒሽድ ዘ ዎርክ» በሉና ቤታችሁ ግቡ።

«ኦፍ» በ«ኦን» ከተቀየረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ሂ ራን አውት ኦን ሂስ ዋይፍ» ማለት ሚስቱን ጥሏት ጠፋ ማለት ነው። ሚስት አለቀችበት አይደለም! «ሂ ራን አውት ኦፍ ዘ ሃውስ» ግን ከቤት ሮጦ ወጣ ብቻ ነው፤ ቤት እንደ ስኳር አያልቅም።

ጥፋተኛ መፈለግ ካማራችሁ «ረን አውት»ን ተዉት፣ እሱ ማን እንደጨረሰው አይናገርም። ጣሳውን ከፍታችሁ ባዶ ስታገኙት «ሁ ዩዝድ አፕ ዘ ሹገር?» ነው የሚባለው።

አንዱ ተነስቶ «አለቀለትስ? ይሄ መቼ የምሥራች ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ «አለቀለት» ስንል ሰውዬው ጉድ ሆነ ማለታችንም ነው፣ «ለ» የምሥራች ናት ያልኩትን አፈረሰብኝ። ግን ለሱም እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ደን ፎር» ይላል፤ «ፎር» ደግሞ ያው የኛዋ «ለ» ናት።