ካሜራውን ለምን አይጥለውም? አስፈሪ ፊልም ለምትጽፍ ጀማሪ እርዳታ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ጀማሪ የፊልም ጸሐፊት ነኝ። ፋውንድ ፉቴጅ በሚባለው ስልት፣ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የቀረጹት ምስል በኋላ እንደተገኘ ሆኖ በሚቀርብበት፣ አስፈሪ ፊልም እየጻፍኩ ነው። አንድ ወንድምና ሁለት እህቶቹ የሞተች አክስታቸውን ቤት ሊሸጡ ነው፤ እሱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በካሜራ ይመዘግባል። ሌሊት ላይ ከተቆለፈው ክፍል የአክስታቸው ድምፅ ይሰማል። ጽሑፉን ያነበቡልኝ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማሉ፦ «ካሜራውን ጥሎ ለምን አይሮጥም? ቤቱንስ ለምን ለቀው አይወጡም?» «ማስረጃ ያስፈልገናል» የሚል ንግግር ብጨምር ጭራሽ ባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከአንድ የፊልም አርታኢ
እህቴ፣ ያ ንግግር ያልሠራው ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ስለተነገረ ነው፤ ሰበብ ይመስላል። የመቅረጹ ምክንያት ከፍርሃቱ መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. የ2007ቱን የስፔን ፊልም «ሬክ» ተመልከቺ። ቀራጩ የቴሌቪዥን ሰው ስለሆነ መቅረጽ እንጀራው ነው። ሕንፃው በባለሥልጣናት ታሽጓል፣ መውጫ የለም። ወደ ፍጻሜው የካሜራው መብራት ሲሰበር ደግሞ ካሜራው በጨለማ ከሚያይበት የሌሊት ዕይታ ውጭ ምንም አይታይም። በዚያ ሰዓት ካሜራውን መጣል ዓይንን እንደ ማጣት ነው።

መልስ፣ ከአንዲት ተዋናይት
እኔ ግን ሁሉም ነገር ምክንያት ይኑረው በሚለው አልስማማም። ሰው ሲደክምና ሲናደድ ሞኝ ነገር ያደርጋል፤ ድካሙን አብረን ካየን እናምነዋለን። እ.ኤ.አ. በ1999ኙ ፊልም «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ጫካ ውስጥ እየቀረጹ ከጠፉት ሦስት ወጣቶች አንዱ ብቸኛውን ካርታ በንዴት ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። አዘጋጆቹ ለተዋናዮቹ አጫጭር ማስታወሻ እየተዉ ንግግሩን ለእነርሱ ለቀቁላቸው፤ ምግባቸውንም እያደር ቀነሱባቸው፤ ብስጭቱ ፊታቸው ላይ ይታያል። ለመውጣትም ይሞክራሉ፦ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ወደተነሡበት ቦታ ይመለሳሉ። ልጅቷ መቅረጽ አላቆም ስትል የሚቆጧት ጓደኞቿ ናቸው። የአንቺም ታናሽ እህት «አጥፋው!» ብላ ትጩህበት። ተመልካቹ በልቡ የያዘውን እሷ ካወጣችው ቁጣው ይበርድለታል።

መልስ፣ ከአንድ የድምፅ ባለሙያ
አንዳንድ ጊዜም ካሜራውን ያስቀምጠው። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» በተባለው ፊልም መኝታ ቤት ውስጥ ካሜራው ማቆሚያ ላይ ቆሞ ያድራል፤ ማንም ስላልያዘው «ለምን አይጥለውም?» የሚል ጥያቄ አይነሣም። ወለል ላይ የተቀመጠ ካሜራ የበሩን የታችኛውን ጠርዝና የሚሮጡ እግሮችን ብቻ ቢያሳይ፣ የአክስቲቱ ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ታፍኖ ቢሰማ ይበቃል። ሙዚቃ አታስገቢ፤ የተገኘ ቀረጻ ላይ ሙዚቃውን ማን ጨመረው? ደግሞ ሲፈሩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አታናግሪያቸው። እህትማማቾች እርስ በርስ «አክስታችን የሞተችበት ክፍል» አይባባሉም፤ «እዚያ ክፍል» ይበቃቸዋል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ወንድምየው የሚቀርጸው እህቶቹ ስለማያምኑት ቢሆንስ? ከውርሱ ዕቃ ሰረቀ እንዳይሉት። ከቤቱ ቀድሞ የወጣም ተጠርጣሪ ይሆናል።

መልስ፣ ከአርታኢው
አገኘሽው፤ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ይመልሳል። ነገር ግን ጥርጣሬው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይታይ። ታላቋ የብር ማንኪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ እየቆጠረች «ቀረብ አድርገው፣ ቁጥሩ ይታይ» ትበለው። ክርክር ጨርሶ አይኑር፤ የእሱ እጅ በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ብቻ እንይ። ከዚያ በኋላ፣ ድምፁ ሲሰማ፣ ቢያንስ አንዷ እስከ ውጭው በር ሄዳ ትመለስ። ለምን እንደተመለሰች በቃል አታስረጂ፤ የማንኪያዎቹን ሣጥን ይዛ ትምጣ።