ደሴ ሆኖ መጽሐፍ ማሳተም፦ 1,000 ቅጂ ወጪውን ይመልሳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 46,000 ቃል ገደማ የሆነ ልብ ወለድ አለ፣ አርትዖቱም አልቋል። አዲስ አበባ ያለ ማተሚያ ቤት ለ1,000 ቅጂ በአንዱ 150 ብር ጠይቋል። የሽፋን ዋጋው 300 ብር ቢሆን ግማሹ ትርፍ ነው ማለት ነው?

ቦርከና፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን 300ውን ለጊዜው እርሳው። ሒሳቡ የሚሠራው እጅህ በሚገባው ብር ነው። ከአከፋፋዩ ጋር በ35 በመቶ ኮሚሽን ብትስማሙ ከአንዱ መጽሐፍ 195 ብር ይደርስሃል። የማተሚያው 150,000 ብር የሚመለሰው 770 ቅጂ ሲሸጥ ነው። በነጻ የምታድለው 50 ቢሆን ለትርፍ የሚቀርህ 180 መጽሐፍ፣ ማለትም 35,100 ብር ነው። የአርታኢውና የሽፋን ሠሪው ክፍያ፣ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የማስጫኛውም ከዚያው ላይ ይወጣል።

የሚያዋጣህ ራስህ የምትሸጠው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ምረቃ አዘጋጅተህ 200 ቅጂ በሙሉ ዋጋ ከሸጥህ 60,000 ብር ተመለሰ። ለቀሪው 90,000 አከፋፋዩ 462 ቢሸጥ ይበቃል።

ዋጋ ከመስማማትህ በፊት ደግሞ ገጹን ቁጠር። በአንድ ትልቅ ወረቀት አብሮ ታትሞ የሚታጠፈው 16 ገጽ አንድ ፎርም ይባላል። በኤ5 ገጽ 240 ቃል ቢገባ ጽሑፉ ብቻውን 192 ገጽ፣ ልክ 12 ፎርም ይሆናል። የርዕስ ገጹና መግቢያው 8 ገጽ ከጨመሩበት ግን ለዚያች ብቻ ሌላ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይወጣል። የመስመር ክፍተቱን ትንሽ አጥብበህ ሁሉንም 192 ውስጥ አስገባው።

ጽሑፉ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ከሆነ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚከፈተው። በየትኛውም ኮምፒውተር ወደሚነበበው ወደ ዩኒኮድ ቀይረህ ሙሉውን እንደገና አንብብ፤ ፒዲኤፍ ስታደርገውም ፎንቱ አብሮ ይግባ።

መጽሐፉን ስትረከብ ከየካርቶኑ ጥቂት አውጥተህ ገጽ 16ና 17ን፣ 32ና 33ን እያቸው። አንድ ፎርም ሁለቴ ገብቶ ወይም ተዘሎ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ መገናኛ ላይ ነው። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጥ።

ሰኞ ገበያ (ሌላ መላሽ)፦ አከፋፋዩ በአደራ ሲወስድ የቅጂው ብዛት፣ ኮሚሽኑ፣ የሚከፍልበት ቀንና ያልተሸጠው የሚመለስበት ጊዜ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ይሸጥና እንነጋገራለን» የሚባለውን አትቀበል፤ ቀን ያልተቆረጠለትን ገንዘብ መጠየቂያ የለህም።

ማንም ቢሆን «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» የሚል ውል ካቀረበልህ አትፈርም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ለአንድ እትም ሽያጭ ብለህ የልጆችህን ድርሻ አሳልፈህ አትስጥ።

ጠያቂ፦ የኮሚሽኑና የማስጫኛው ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። ምረቃው ከደመወዝ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሻላል ወይስ እሑድ?

ቦርከና፦ ቅዳሜ ከሰዓት። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሳይመሽበት ይመለሳል።