የፕሮጀክት ሥራን ወላጅ ሠርቶ እንዳይልክ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ (የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ባሕር ዳር)፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ተማሪዎቼ ከደንገል (ሐይቅ ዳር ከሚበቅል ረጅም ተክል) የሚሠራውን የጣና ታንኳ ሞዴል ሠርተው እንዲያመጡ ባዝዝም፣ የመጣው አብዛኛው በአባት ወይም በታላቅ ወንድም እጅ የተሠራ፣ አንዳንዱም ለቱሪስት ከሚሸጠው የተገዛ ነበር። ልጆቹ «ለምን እንዲህ ተሠራ?» ሲባሉ መልስ የላቸውም። በክፍሌ ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ፈጠራንና በምክንያት ማሰብን የሚያዳብር ሥራ በዚህ ሁኔታ እንዴት ይመራል?

መልስ (የሳይንስ መምህር)፦
መምህርት፣ በወላጆች አልፈርድም፤ «ሠርታችሁ አምጡ» ሲባል የሚፈለገው ዕቃው ስለሆነ ማንም ቢሠራው ያው ነው። ይልቅስ ሥራውን ክፍል ውስጥ አስገብተው ጥያቄ ይስጧቸው፦ አንድ እስር ደንገል ስንት ጠጠር ተሸክሞ ይንሳፈፋል? አድሮ ሲርስስ? ለየቡድኑ እኩል የተቆረጠ ደረቅ ደንገል፣ ሲባጎ፣ ጠጠርና ውኃ የያዘ ሳፋ ይበቃል። ከመሞከራቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ ይጻፍ። አንዱ ቡድን አጥብቆ ሲያስር፣ ሌላው ጠፍጣፋ አድርጎ ሲዘረጋው፣ አላልቶ ያሰረው ደግሞ ጠጠሩ በመሃል ሲሾልክበት ክርክሩ ራሱ ይነሣል። የደንገል አገዳ የሚንሳፈፈው ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር ስለያዘ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለታንኳዎችም ከቀዘፉ በኋላ ታንኳቸውን ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚሁ ነው። ይህንን አስቀድመው አይንገሯቸው።

መልስ (ርእሰ መምህርት)፦
ስለ ተማሪ ብዛት፦ ግማሾቹ ቡድኖች ሲሞክሩ ሌሎቹ የታንኳቸውን ንድፍ ይሣሉ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀያየሩ። የለመድነው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙ ሠርቶ ሌላው የሚፈርምበት እንዳይሆን፣ መዝጋቢውና ተናጋሪው በየጊዜው ይለዋወጡ።

መልስ (የጤና ባለሙያና ወላጅ)፦
ደንገል ለመሰብሰብ ልጆችን ወደ ሐይቁ አይላኩ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተውሳኩ ውኃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ ሰርጎ ይገባል። ሳፋውም በቧንቧ ውኃ ይሞላ።

ጠያቂዋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ማርኩን እንዴት ልስጥ?

መልስ (የሳይንስ መምህር)፦
እኔ ከ10 ብይዝ፣ 3ቱን ለግምቱና ለምክንያቱ፣ 3ቱን ለአመዘጋገቡ፣ 4ቱን ደግሞ ከመጀመሪያው ተምረው በሚያደርጉት ሁለተኛ ሙከራ ምን እንደለወጡና ለምን እንደለወጡ በራሳቸው አንደበት ለሚያስረዱት እሰጣለሁ። ለታንኳው ውበት ምንም አልይዝም፤ የሰጠመበት ቡድንም ምክንያቱን ካስረዳ ሙሉ ማርክ ያገኛል።