ዊንዶውስ 7፣ ኡቡንቱ እና ማክ ላይ ቪኤስ ኮድ እንዴት እንጫን?

የአላሙራዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርን ነው፣ ማታ ማታ አቶቴ ሰፈር አንዷ ቤት እየተሰበሰብን። ችግሩ የሦስታችንም ማሽን ለየቅል ነው። የእኔ ከወንድሜ የወረስኩት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 7፣ ራሙ 2 ጊጋ። አንዷ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ አላት፣ ሌላዋ አክስቷ ከውጭ የላከችላት ማክቡክ። የምናየው የቪዲዮ ትምህርት በቪኤስ ኮድ (ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ፣ ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ስለሆነ ሁላችንም እሱን ፈልገን ነበር። እኔ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ትልቁን ቁልፍ ነክቼ በሞባይል ዳታ አወረድኩት፣ ፓኬጄን ከበላ በኋላ የዊንዶውስሽ ቨርዥን አይሆንም ብሎ እንቢ አለኝ። የኡቡንቱዋ ደግሞ ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርገው ጭጭ ነው።

ሌላው፣ ቀን የምንጠቀምበት የኮምፒውተር ክፍል አለ። እዚያ ደግሞ ምንም ነገር ልጫን ስትሉ የአድሚን ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ ፓስዎርዱን የሚያውቀው ሰውዬ ተፈልጎ አይገኝም።

አዲስ ላፕቶፕ ግዢ እንዳትሉኝ ብቻ። ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

የፒያሳው ጠጋኝ

እህቴ፣ ፋይሉም አልተበላሸም ላፕቶፕሽም ጤነኛ ነው። ቪኤስ ኮድ ዊንዶውስ 7ን ከተሰናበተ ቆይቷል። ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ቨርዥን 1.70.3 ነው፣ የ2022 የጁላይ እትም። ትልቁ ቁልፍ ሁልጊዜ አዲሱን ነው የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ እሱን ተዪው። እዚያው ድረ ገጽ ላይ አፕዴትስ የሚል ገጽ አለ፣ ግራ በኩል የወራት ዝርዝር ታያለሽ። ጁላይ 2022 የሚለውን ስትከፍቺ ከላይ የማውረጃ ሊንኮቹ ተደርድረዋል። ሌላ ቦታ ከተለጠፈ ሊንክ ግን አደራ እንዳታወርጂ፣ እዚህ ሱቅ የሚመጣልኝ ግማሹ ቫይረስ ከእንደዚያ ዓይነት የተገኘ ነው።

ከማውረድሽ በፊት አንድ ነገር እይ። ኮምፒውተር የሚለው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ በይ። ሲስተም ታይፕ የሚለው ጎን 32 ቢት ወይም 64 ቢት ይላል። 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 32 ቢት ነው የሚጫንበት፣ 64ቱን ካወረድሽለት ደግሞ ፓኬጅሽን ለሁለተኛ ጊዜ በላሽ ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚል መኖሩንም አረጋግጪ፣ ለፓይተን ያስፈልግሻል። ፓይተንም እንደዚሁ አዲሱ አይሆንሽም። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው 3.8 ነው፣ 3.9 እና ከዚያ በላይ ያለው አይጫንም። ለጀማሪ 3.8 ከበቂ በላይ ነው። ስትጭኚው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከታች ፓይተንን ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልግበት ዝርዝር) ላይ ጨምር የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ሳታደርጊ እንዳታልፊ፤ ተማሪዎች እዚህ መጥተው «ፓይተን አይታወቅም ይለኛል» ከሚሉት አብዛኛው ጉድ እሷው ናት።

የኮምፒውተር ክፍሉ ቀላል ነው። ቪኤስ ኮድ ለዊንዶውስ ሁለት ዓይነት መጫኛ አለው፣ ሲስተም እና ዩዘር። ዩዘር የሚለው የአድሚን ፓስዎርድ አይጠይቅም፣ በራስሽ አካውንት ስር ነው የሚቀመጠው። እሱም ከከለከለሽ ዚፑን አውርጂና ፍላሽ ላይ ፍቺው። ከዚያ ከመክፈትሽ በፊት የቪኤስ ኮድ ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ዳታ የሚል ባዶ ፎልደር ፍጠሪ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል (data) ይሁን። ሴቲንግሽም ኤክስቴንሽንሽም (የምትጨምሪያቸው ተቀጥላዎች) እዚያ ውስጥ ይከማቻል፣ ፍላሹን ይዘሽ የትም ትሄጃለሽ። ሰውዬውን መፈለግ ቀረ።

ሊኑክስ ወዳጅ

ጠጋኝ የተናገረው ልክ ነው ግን ለምን ትደክማለች? ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ 7ን በጃንዋሪ 2020 ከተወው እኮ ስንት ዘመን ሆነው። አራግፈሽው ሊኑክስ ጫኚበት፣ ትገላገያለሽ።

ለኡቡንቱዋ ጓደኛሽ፦ ፋይሉ መጨረሻው ዴብ (.deb) የሚል ከሆነ በደብል ክሊክ አትድከም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍታ መጀመሪያ ፋይሉ ወዳለበት ዳውንሎድስ ፎልደር ትግባ። ከዚያ ሱዶ አፕት ኢንስቶል (sudo apt install) ትልና ክፍተት ሰጥታ ነጥብና ስላሽ (./)፣ ወዲያው ሳትለያይ የፋይሉን ስም። ስሙ ረጅም ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፋ ታብ ትጫን፣ ራሱ ይሞላዋል። ነጥብና ስላሿ ከተዘለለች አፕት አጠገቡ ያለውን ፋይል ትቶ በዚያ ስም ፓኬጅ ከራሱ የፓኬጅ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ ከዚያ አላገኘሁም ይላታል። ፓስዎርድ ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ እሱ እንዳያስደነግጣት፣ እየጻፈ ነው።

ስናፕ የሚባለውም መንገድ አለ፣ በአንድ መስመር ያልቃል። እኔ ግን ዴቡን ነው የምመክረው።

የኡቡንቱዋ ቨርዥን ግን ስንት ነው? 18.04 ከሆነ አዲሱ ቪኤስ ኮድ እሱም ላይ አይሄድም። ከ1.86 ጀምሮ ጂሊብሲ የሚባለውን ላይብረሪ 2.28 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው። በአንዲት ቁጥር! ያኔ 1.85ን ከዚያው ጠጋኝ ካለው ገጽ ታውርድ።

የፒያሳው ጠጋኝ

@ሊኑክስ ወዳጅ፣ አንተ ደግሞ ለሁሉም በሽታ ሊኑክስ ነው መድኃኒትህ። ዊንዶውሷ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሯም 32 ቢት ከሆነ ሊኑክስ ላይ ቪኤስ ኮድ ጭራሽ አታገኝም፣ የ32 ቢቱን ለሊኑክስ ማውጣት ካቆሙ ቆዩ እኮ። የሚሠራውን አስጥለህ የማይሠራ ልታስይዛት ነው። በዚያ ላይ ልጅቷ መማር የፈለገችው ፓይተን ነው፣ ፎርማት ማድረግ አይደለም።

አሮጌ ዊንዶውስ ይዞ ኢንተርኔት መግባት አደጋ እንዳለው አልክድም። ባንክም ሆነ ኢሜይል በዚያ ላፕቶፕ አትክፈቺ፣ ለኮድ መለማመጃ ብቻ ይሁን።

ማክ በዱቤ

ስለ ማኳ ማንም አልተናገረም፣ እኔ ልበል። ከላይ ግራ ጥግ ያለችውን ፖም ትንካና «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ትክፈት። ቺፑ ኤም 1፣ ኤም 2 እያለ የሚሄድ ከሆነ አፕል ሲሊከን የሚለውን ታውርድ፣ ኢንቴል ካለ የኢንቴሉን። ዩኒቨርሳል የሚለው ለሁለቱም ይሆናል ግን ሁለቱንም ስለያዘ ፋይሉ ይገዝፋል፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ኪሳራ ነው። ከተፈታ በኋላ ዳውንሎድስ ውስጥ እንዳለ አትክፈተው፣ ጎትታ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ትክተተው። ዳውንሎድስ ውስጥ እንዳለ ከተከፈተ አፕዴት ማድረግ ያስቸግራል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለሦስታችሁም። ስታወርዱ ስሙን እዩ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው የምትፈልጉት፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ብቻ የሚለው ሌላ ነው፣ እሱ ጊጋዎች ነው የሚበላው። ሴቲንግ ውስጥም አፕዴት ሞድ የሚለውን «none» አድርጉት፣ የኤክስቴንሽኖቹንም አውቶ አፕዴት አጥፉት። ካልሆነ እናንተ ቡና ስትጠጡ እሱ ዳታ ይጠጣል።

የአላሙራዋ

ኧረ ተባረኩ! የእኔ እንደተባለው 32 ቢት ነው። 1.70.3 ገባ፣ ሲከፈት ትንሽ ይንፏቀቃል እንጂ ከዚያ በኋላ ይሠራል። የኡቡንቱዋ 22.04 ነው፣ በነጥብና በስላሽ ወዲያው ተጫነላት። ማኳ ነገ ነው። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ዩዘሩንም ከለከለኝ፣ ስለዚህ ፍላሽ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የፓይተን ኤክስቴንሽኑን ለሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ከማውረድ አንዴ አውርዶ በፍላሽ መካፈል አይቻልም? ደግሞ ፕሮግራሜ ውስጥ ስሜን በአማርኛ ጽፌ ፕሪንት ሳደርገው ጥቁሩ መስኮት ላይ ካሬ ካሬ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ኤዲተሩ ውስጥ ግን በደንብ ይታያል።

ሊኑክስ ወዳጅ

ይቻላል። ኤክስቴንሽኑ ቪሲክስ (VSIX) የሚባል ፋይል ሆኖ ይወርዳል፣ አውርደሽ በፍላሽ አዙሪው። ኤክስቴንሽን የሚለውን ከፍተሽ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኪ ከቪሲክስ ጫን የሚል ታገኛለሽ። ግን ለአንቺና ለእነሱ አንድ ፋይል አይሆንም። አንቺ በ2022 አጋማሽ አካባቢ የወጣ ቨርዥን ነው የሚያስፈልግሽ፣ አዲሱን 1.70 አይቀበለውም። ከውስጥ በኢንተርኔት ስትጭኚ የሚስማማሽን ራሱ ይመርጥልሻል፣ በፋይል ሲሆን ግን ምርጫው የአንቺ ነው። ፓይተን ኤክስቴንሽኑ አንዳንዱ ለየሲስተሙ ተለይቶ ስለሚወጣ ለማኳም የማክ የሚለውን ፈልጊላት።

የፒያሳው ጠጋኝ

ካሬዎቹ የኮድሽ ጥፋት አይደሉም። ዊንዶውስ 7 ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ኒያላ የሚባለው ፎንት ነው። ኤዲተሩ እሱን ፈልጎ ይጠቀማል፣ ጥቁሩ መስኮት ግን የራሱን ጥቂት ፎንቶች ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እነሱ ውስጥ ደግሞ ግዕዝ የለም። ውጤቱን በአማርኛ ማየት ከፈለግሽ ፕሪንት ከማድረግ ፋይል ላይ ጻፊውና ፋይሉን ቪኤስ ኮድ ውስጥ ክፈቺው። በፓይተን ፋይሉን ስትከፍቺ ኢንኮዲንጉን (ፊደላቱ የሚቀመጡበትን ዘዴ) ዩቲኤፍ 8 (utf-8) ብለሽ ጥቀሺ። ካልጠቀስሽው ዊንዶውስ በራሱ የቆየ ኢንኮዲንግ ሊጽፈው ሞክሮ ገና የስምሽ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ኤረር ይሰጥሻል።

የአላሙራዋ

ሠራ! ስሜን ከነአባቴ ጻፈልኝ። ቪሲክሱን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ፣ መብራት ካለ።