«ተምች» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ «ስፖዶፕቴራ» የተባለውን የነፍሳት ወገን በአማርኛ «ተምች» ብሎ መተርጎም ይበቃል? «ተምቹ ሌሊት በርሮ ገባ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለተኛው አያስኬድም። ተምች ትሉ ነው፤ የሚበረው የእሳት እራት ይባላል። ብርሃን ስቦት ነበልባል ውስጥ ስለሚገባ የእሳት ሲሳይ ይሆናል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ብልን እዚህ አያግቡት፤ እሱ ልብስ በዪው ነው።

ወደ መጀመሪያው ስንመጣ፣ ስፖዶስ በግሪክኛ አመድ፣ ፕቴሮን ክንፍ ነው፤ «አመድማ ክንፍ» እንደማለት። ስሙን ፈረንሳዊው አሺል ጌኔ በ1852 እ.ኤ.አ. አወጣው። ወገኑ ኖክቱይዴ በሚባለው አስተኔ (ተቀራራቢ ወገኖችን በሚያቅፈው ቤተሰብ) ውስጥ ሆኖ ወደ 30 ዝርያዎች አሉት። ሁሉም ተምች አይደሉም፤ ሊቶራሊስ የተባለው ለምሳሌ የጥጥ ቅጠል ትል ነው። ስለዚህ ወገኑን «ስፖዶፕቴራ» ብሎ መተው፣ «ተምች»ን ተምች ለሆኑት ዝርያዎቹ ብቻ ማስቀረት ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ። አገዳ ቆርቁርን ግን ተምች የሚሉ ስላሉ ይታረም፤ ወገኑም ሌላ ነው፣ ጉዳቱም አገዳው ውስጥ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነባሩንና መጤውን ተምች በምን እንለያቸው?

መልስ፦ ነባሩ ኤግዜምፕታ የተባለው ዝርያ ነው። ሲበዛና ሲጨናነቅ እንደ ከፋይ ጨርቅ ይጠቁራል፣ ብቻውን ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለት ዝርያ የሚመስላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጤፍ፣ ገብስና ሣር በግላጭ ይበላል።

መጤው ፍሩጂፔርዳ ነው፤ በላቲን «ፍሬ አጥፊ»። አፍሪካ ውስጥ በ2016፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ታየ። ገና ያልተዘረጋው የበቆሎ ቅጠል መሃል ገብቶ ይሸሸጋል፤ ሰጋቱራ የመሰለ ኩሱም መግቢያውን ይደፍነዋል። ከላይ የተረጨ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የማይደርስበት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጤውን ትል በእጅ ይዘው ግንባሩን ይመልከቱ፤ «ሰ» ፊደል የተጻፈበት ይመስላል። ጅራቱ አጠገብ፣ በስምንተኛው የሆድ ክፋይ ላይ፣ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ምልክቶች አንድ ላይ ካልታዩ አይፍረዱ።

ሙሉ አካል ሲሆን፣ ክንፉ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። የወንዱ የፊት ክንፍ ጫፉ አካባቢ ነጣ ያለ ጠባሳ አለው፤ የሴቷ ደብዛዛ አመድማ ነው። የኋላ ክንፋቸው እንደ ብር ነጭ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ይጠቁራል። በጣት ሲነካ የሚቀረው ብናኝ አቧራ አይደለም፣ የክንፉ ቅርፊት ነው።

ሌላ መልስ፦ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ትሉ ስድስት የዕድገት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች «ሰ»ው ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ትሉ ሚጢጢ ሳለ ምልክት አጣሁ ብሎ «መጤው አይደለም» ማለት አይቻልም። ያኔ እንቁላሉን ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ተጠጋግቶ በእናቲቱ ፀጉር መሰል ቅርፊት ተሸፍኖ ቅጠል ላይ ይገኛል።