ክርክር፦ ኦሎምፒክ ለሌለው የሴቶች ካራቴ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ?

ጠያቂው፦
ካራቴ በኦሎምፒክ የታየው አንዴ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ቶኪዮ 2020። ፓሪስ 2024 ላይ አልነበረም፣ ሎስ አንጀለስ 2028 ላይም የለም። ስለዚህ ለሴት ካራቴኞች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ኦሎምፒክ ወዳላቸው ስፖርቶች ይዙር እላለሁ። ገንዘቡ ውሱን ነው። አንዲት ልጅም ወጣትነቷን ሙሉ መድረኩ በተዘጋ ስፖርት እንድትጨርስ ማበረታታት ደግ አይመስለኝም።

አሰልጣኙ፦
መድረኩ አልተዘጋም ወንድሜ። የዓለም ሻምፒዮና አለ፣ የአፍሪካና የእስያ ጨዋታዎች አሉ፣ ኦሎምፒክ ላልገቡ ስፖርቶች የተዘጋጀው የዓለም ጨዋታዎችም አለ። የስፔኗን ሳንድራ ሳንቼዝን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2021 በካታ፣ ማለትም ያለ ተጋጣሚ በሚቀርበው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ቶኪዮ ላይ ጃፓናዊቷን ኪዮ ሺሚዙን በገዛ አገሯ አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ 39 ዓመቷ ነበር! የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮንነት ያገኘችው ሠላሳን አልፋ በ2015 ነው። በአንተ ስሌት ቢሆን ያኔ ካራቴ ኦሎምፒክ ስላልነበረ ድጋፍ አይገባትም ነበር።

የሁለት ሴት ልጆች አባት፦
አሰልጣኝ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሳንቼዝ ከሺህ አንድ ናት። የቀሩትስ? ጉልበታቸው ተጎድቶ፣ ትምህርታቸው ተቋርጦ በ28 ዓመታቸው ባዶ እጃቸውን ቤት የሚገቡት ናቸው የሚያሳስቡኝ። ድጋፍ ከተባለ ትምህርት አብሮት ይሁን፤ አለዚያ እኔ ከጠያቂው ጋር ነኝ።

ተወዳዳሪዋ፦
ትምህርቱን በሁለት እጄ እቀበላለሁ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የበጀቱን ነገር ግን እንየው። ካራቴ ቶኪዮ ላይ እንዲገባ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ነው። ግብፃዊቷ ፈርያል አብደልአዚዝ ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ61 ኪሎ በላይ ባለው ኩሚቴ (ፊት ለፊት ፍልሚያ) ወርቅ ወስዳ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ግብፃዊት ሆነች። ውሳኔው ሲመጣ ገና ቀበቶ ማሰር የምትማር ቢሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም። አገሯ ካራቴን ሳይቋረጥ የያዘችው ኦሎምፒክ ይመጣል ብላ አልነበረም፤ ሲመጣ ግን ተዘጋጅታ ጠበቀች።

በፍጻሜው ያሸነፈቻት ኢሪና ዛሬትስካ ደግሞ ዩክሬን፣ ኦዴሳ ተወልዳ ለአዘርባጃን የተጋጠመች ናት። ጎበዝ ተጋጣሚ ድጋፍ ካጣች ሌላ አገር በሩን ይከፍትላታል። ያኔ የደከመባት አሰልጣኝ ሜዳሊያዋን በቴሌቪዥን ያያል።

ጠያቂው፦
ካራቴ ወደ ኦሎምፒክ ባይመለስስ? ላልተጻፈ ቀጠሮ ነው ገንዘብ የምናፈሰው?

ተወዳዳሪዋ፦
ለቀጠሮ አይደለም፣ ለደረጃ ነው። የዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን የተወዳዳሪዎችን ደረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። ደረጃዋ የተሻሻለ ድጋፏ ይቀጥል፣ የወረደች ይታይላት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ጉዳት ላይ ያለችን ልጅ በዚያ ዓመት ውጤት መመዘን ግፍ ነው። የጉልበት ጅማት የተበጠሰባት ልጅ ወደ ታታሚ (የመወዳደሪያው ምንጣፍ) ለመመለስ ወራት ይፈጅባታል። ወንዶቹም ይጎዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ግን ስንጎዳ «አሁንስ ይብቃሽ» የሚለን ይበዛል።

አባት፦
በዚህ መልኩ ከሆነ እስማማለሁ። የትምህርቱ ነገር ግን በቃል አይቅር፣ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ጠያቂው፦
በደረጃ መመዘኑን እቀበላለሁ። የገንዘቡን መጠን ግን አሁንም ኦሎምፒክ ካላቸው ስፖርቶች እኩል አላደርገውም።