ሁለቱም ፊቱ የዋሽንግተን ራስ የሆነ ኳርተር፦ የማተሚያ ስህተት ነው ወይስ የሰው ሥራ?

ሐረግ_21 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀመጥኩት የአሜሪካ 25 ሳንቲም (ኳርተር) አለ። ስንት ጊዜ ብትወረውሩት ዘውድ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ጎፈር የለውም። በሁለቱም ፊት ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ራስ ነው። አንደኛው ፊት 1974 ይላል። ሁለተኛው ስለተፋቀ በደንብ አይነበብም፤ 1975 ይመስለኛል፤ ከጸጉሩ ሪባን ጀርባም ትንሽ የላቲን ዲ አለች። 1974 በሚለው ፊት ላይ ፊደል የለም። አንዱን ራስ ቀጥ አድርጌ ሳገላብጠው ሌላው ያዘነበለ ነው። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር ቀይ መስመር አለ፤ መጋጠሚያው እሱ ይሆን? ውስጡስ ባዶ ሊሆን ይችላል? ሳላበላሸው እንዴት ላጣራ?

ቶርኖ_ቤት

የሰው ሥራ ነው። ለዚህ ሳንቲሙን በእጅ መያዝ እንኳ አያስፈልግም፤ ዓመቶቹና ፊደሏ ይበቃሉ። ዲ የዴንቨር ማተሚያ ምልክት ናት፤ ፊደል የሌለው የዚያ ዘመን ኳርተር በአብዛኛው የፊላዴልፊያ ነው። የተለያየ ዓመት ያላቸው፣ የተለያየ ማተሚያ ምልክት ያለባቸውና ሁለቱም የራስ የሆኑ ሁለት ዳዮች (ምስሉን ሳንቲሙ ላይ የሚያትሙ የብረት ማህተሞች) አንድ ማሽን ላይ ተገናኙ ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ደግሞ 1975 አይደለም። 1975 የሚል ኳርተር ታትሞ አያውቅም። የነጻነቱን ሁለት መቶኛ ዓመት ለማክበር በ1975 እና በ1976 የታተሙት ሁሉ «1776–1976» የሚል ድርብ ዓመት ነው ያለባቸው። ያንተ 1973፣ 1978 ወይም 1979 ይሆናል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከሳንቲሙ ጋር ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው አብራበትና እያዞርክ እየው፤ የተፋቀ ቁጥር በጥላው ነው የሚነበበው።

ቀዩ መስመር መጋጠሚያ አይደለም። ከ1965 ወዲህ ለዝውውር የታተመ ኳርተር መሀሉ ንጹሕ መዳብ ነው፤ በላይና በታች 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነ ሽፋን አለው። ማንኛውንም ኳርተር ከኪስህ አውጥተህ ጠርዙን ብታይ ያንኑ መስመር ታገኛለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ቢላ ይሰነቅርበታል።

እውነተኛው መጋጠሚያ የት እንዳለ ለማወቅ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ሳንቲም ይወሰዳል። የመጀመሪያው ቶርኖ ላይ ታስሮ ጀርባው እየተላገ ይወጣል፤ የሚቀረው ፊቱና ዙሪያውን ያለው ከንፈሩ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ሰሃን። ሁለተኛው ጀርባው ይሳሳል፤ ዙሪያው ደግሞ ሰሃኑ ውስጥ ጥብቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ ይቀነሳል። ከዚያ ተጭኖ ይገባል፤ አንዳንዱ በሙጫ ይያዛል። ስለዚህ መጋጠሚያው ጠርዙ ላይ አይገኝም። ያለው በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ጠፍጣፋው ቦታ) አልቆ ከንፈሩ ከፍ በሚልበት ጥግ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ያዝና ከላይ «ሊበርቲ» ከሚለው ጽሑፍ ጀምር። ፊደሎቹ ዙሪያውን ተከትለው ስለሚሄዱ፣ ቅነሳው ትንሽ ከበዛ አናታቸው ይቆረጣል ወይም ከንፈሩን ይነካል። አንተ ያየኸው የራሶቹ መዘንበልም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሲጭኑት ማዕዘኑን አላስተካከሉትም።

ርካሹ ዓይነት ሌላ ነው። ሁለቱም ሳንቲሞች ግማሽ ድረስ ይሞረዱና ጀርባ ለጀርባ ይጣበቃሉ። እሱ ላይ መጋጠሚያው ጠርዙ መሀል ስለሚውል ከመዳቡ መስመር ጋር ይምታታል። መለያው ጥርሶቹ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ያሉት ቋሚ ጭረቶች ናቸው። ኳርተር ዙሪያውን 119 ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከላይ እስከ ታች ሳይሰበር ከወረደ ጠርዙ የአንድ ሳንቲም ነው። መሀል ላይ ተሰብሮ ወደ ጎን ካፈነገጠ የሁለት ነው።

ደብተራ_ሳንቲም

በድምዳሜው እስማማለሁ፤ ግን ማተሚያ ቤቱ ሁለት ፊት አያምታታም ብሎ ማንም እንዳይወስድ። ሁለቱም በኩል ጎፈር የሆኑ እውነተኛ ኳርተሮች ይታወቃሉ፣ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው እንጂ። በ2000ም አንዱ ፊት የኳርተር፣ ሌላው የአንድ ዶላር ሳንቲም ጀርባ የሆነ ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ መጋጠሚያውን በዓይን ማየት ግድ ነው። ዓመቶቹ ብቻቸውን ጥሩ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም።

ሚዛን_ጠባቂ

ውስጡ ባዶ ይሁን አይሁን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም፤ ውሃና ሚዛን ይበቃል። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ፈልግ። በ0.1 የሚሄደው የወጥ ቤት ሚዛን እዚህ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ደረቁን መዝን። ጤናማ ኳርተር 5.67 ግራም ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደላይም ወደታችም 0.23 ገደማ። ዲያሜትሩ 24.26 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.75 ነው። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠህ ወደ ዜሮ መልሰው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረህ ሙሉ በሙሉ አስጥመው፤ ታችም ሆነ ጎን አይንካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ ገፍቶ ያስወጣውን ውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ አካፍል። ጤናማው 8.9 ገደማ ይሰጣል። ውስጡ ክፍት የሆነ ሳንቲም መጠኑ ሳይቀንስ ክብደቱ ስለሚቀንስ ወደ 7 ይወርዳል፤ እንደ ክፍተቱ ስፋት ከዚያም በታች።

አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃው ውስጥ ጨምር። አለበለዚያ የአየር ኳሶች ሳንቲሙ ላይ ተጣብቀው ውጤቱን ዝቅ ያደርጉታል። ሲሰጥም ደግሞ ዓይንህን እንዳታነሳበት፤ ከከንፈሩ ጥግ ከአንድ ቦታ ብቻ ተከታታይ ትንንሽ ኳሶች ከወጡ መጋጠሚያህን አገኘኸው ማለት ነው።

ሐረግ_21 (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ደረቁ 5.38፣ በውሃ ውስጥ 0.62፣ ስለዚህ 8.68 ገደማ። ውፍረቱ 1.78። ዓመቱ 1978 ነው፣ በጎን መብራት ወጣ። ኳሶቹ የወጡት በ1978 ፊት፣ ከ«ሊበርቲ» በስተግራ ነው። ጥርሶቹ አልተሰበሩም።

ቶርኖ_ቤት

እንግዲህ አለቀለት። ሰሃኑ የ1974ቱ ነው፤ የ1978ቱ የገባው ነው። 0.29 ግራም የጎደለው ቶርኖው አብዝቶ ስለበላ ነው። 8.68 መሆኑም መሀል ላይ ስስ የአየር ወይም የሙጫ ንብርብር መኖሩን እንጂ ባዶ ክፍል መኖሩን አያሳይም። በ0.62 ላይ የ0.01 ስህተት ብቻ ውጤቱን ከ8.5 እስከ 8.8 ሊያወዛውዘው እንደሚችልም ልብ በል። የተሠራው ከ1978 በፊት ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ፊት ዘውድ የሆነ ሳንቲም አስማተኞች በዕጣ ማታለያ የሚጠቀሙበት ተራ ዕቃ ነው።

ደብተራ_ሳንቲም

ባዶ ሳንቲም ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚፈልግ፦ በ1953 ብሩክሊን ውስጥ አንድ ጋዜጣ አከፋፋይ ልጅ እጅ የገባው የ5 ሳንቲም ኒኬል ሲወድቅ ለሁለት ተከፍሎ የምስጢር ቁጥሮች ያሉበት ማይክሮፊልም ወጥቶበታል። ፊቱ የ1948 ነበር፤ ጀርባው ደግሞ ከ1942 እስከ 1945 ከታተሙት፣ ብር ካለባቸው የጦርነት ጊዜ ኒኬሎች የተወሰደ። «ትረስት» ከሚለው ቃል አር ፊደል ላይ በመርፌ ገፍቶ ለመክፈት የሚያገለግል ቀዳዳ ነበረው። ዛሬ የሚሸጡት ባዶ ሳንቲሞች ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ የላቸውም። መሀሉ የተቦረቦረ የነሐስ ቀለበት ላይ ተቀምጠው ጠረጴዛ ላይ ሲመቱ ውስጠኛው ክፍል ይወድቃል። ያንተን ግን አትምታው፤ በለካኸው ቁጥር መሠረት ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለም፣ ከንፈሩን ብቻ ታጣምማለህ።

ቀለም_ሰሪ

ቆሻሻውን በንጹሕ አሴቶን 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፤ ብረቱን አይነካም። ኮምጣጤና ሶዳ ግን በፍጹም።

ቶርኖ_ቤት

ለተራ ሳንቲም ትክክል ነህ፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የተያዘው በሱፐር ግሉ ከሆነ አሴቶኑ ያሟሟዋል፣ ውስጠኛውም ይላቀቃል። ጥብቅ ሆኖ የገባ ብቻ ከሆነ አሴቶኑ ውስጥ ያለውን ቅባት አጥቦ ያላላዋል። ሐረግ፣ ከውሃው ካወጣኸው በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ጫን አድርገህ አድርቀው፣ አትፈትገው። መጋጠሚያው ውስጥ የቀረውን እርጥበት ለማስወጣት ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርገህ አንድ ቀን አሳድረው። ካልደረቀ ክቡን ተከትሎ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ለስላሳ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ከረጢት ውስጥም አታስቀምጠው፣ እሱም ያንኑ አረንጓዴ ያመጣል።

ሚዛን_ጠባቂ

ስለ ዋጋው አልጠየቅክም፣ ግን ሰው ይጠይቅሃል፦ ጥቂት ዶላር። ማስቀመጡ ሕግ አይጥስም፤ በአሜሪካ ሕግ ርዕስ 18 ቁጥር 331 የሚያስቀጣው ለማጭበርበር ብሎ ሳንቲም መለወጥ ነው። «ብርቅ የማተሚያ ስህተት» ብለህ ከሸጥከው ግን ያው ማጭበርበር ነው። ደረጃ ሰጪ ድርጅት ጋ መላክም ኪሳራ ነው፤ ክፍያው ከሳንቲሙ ይበልጣል፣ የሚሰጥህም መልስ እዚህ ያገኘኸውን ነው።